«እሺ» የማይባልበት ቢሮ

ስለ ጠጄ ነጋ ከመናገሬ በፊት ስለ ሪዜ መናገር አለብኝ። ሃያ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ክፍሉን ጸጥ ያሰኘልኝ እሱ ነው። ጫፉ እስከ ታችኛው ከንፈሬ ይወርድ ነበር፤ ሮቤ ውስጥ ስሜን የማያውቅ ሰው እንኳን «ባለ ሪዙ መምህር» ከተባለ ማን እንደሆነ ያውቃል። ጠጄ አለቃዬ ሆና በመጣች በወሩ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመችና፣ «ጋሼ ሀይሉ፣ አይቆጡኝና፣ ሪዝዎን ትንሽ ቢያሳጥሩት?» አለችኝ።

ተቆጣሁ እንጂ! የልጄ እኩያ ናት። ደግሞስ ከአፌ በላይ የበቀለ ጸጉር ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኘው? ምክንያቱን ብጠይቃት «ንግግርዎ እንዲያምር ነው» ብላ ሳቀች። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት እሷም «እውነቷን ነው፤ ሾርባ ስትጠጣ አላየችህ» አለችኝ። በሁለት ወገን ተከበብኩ፤ ግን አላሳጠርኩትም።

ቢሯችን ሮቤ አስፋልቱ ዳር፣ የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጥ ሱቅ በላይ ነው። ታች ሲሚንቶ ሲራገፍ አቧራው በደረጃው ወጥቶ ኪቦርዳችን ላይ ያርፋል። የምንሠራው ለጤና ጣቢያዎች የሚሆን ሶፍትዌር ነው፤ መድኃኒት ሊያልቅ ሲል ሲስተሙ ራሱ በስልክ አጭር መልእክት ልኮ ያስጠነቅቃል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሳላሕዲን ነው። ሮሚ ትፈትሸዋለች። ከሆሳዕና የመጣው ፊሊጶስ ኔትወርኩን ይዘረጋል። እኔ ማስተማር ሰልችቶኝ ወጥቼ ተመልሼ ማስተማር ላይ የወደቅሁት ሰውዬ፣ ለጤና ባለሙያዎቹ አጠቃቀሙን አሠለጥናለሁ። ባለቤቱ አቶ ደጀኔ አዲስ አበባ ስለሚኖር የሚመራን በስልክ ነው። እዚህ ያለችው አለቃ ጠጄ ናት።

በሪዜ አልሆንላት ሲል የቢሮውን ዕቃ ማመስ ጀመረች። የሳላሕዲንን ጠረጴዛ አዙራ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበሩ ሰጠችው። ስብሰባችንን ከሞቃቱ ጥግ አንስታ መስኮቱ ሥር አመጣችው፤ የባሌን ንፋስ የቀመሰ ሰው መስኮት ሥር መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሁለት ሰው እኩል ማውራት ከጀመረ እጇን አንስታ አንዱን ታስቆማለች። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል የተባባልነውን ነጩ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ፊሊጶስ «አለቃችን ድሮ የቤት ዕቃ ትሸጥ ነበር መሰለኝ» እያለ ያስቀን ነበር።

ሳላሕዲን የአጋርፋ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጨዋ። ሥራው እንከን አይወጣለትም። ጠባዩ ግን ግራ ያጋባ ነበር። ከኋላው ብትጠራው አይዞርም። ስልክ አያነሳም። ስብሰባ ላይ ቃል አይተነፍስም፤ የተባለውን ሁሉ በፈገግታ «እሺ» ነው። ሮሚ «ኩራተኛ ነው» አለች። ፊሊጶስ «ፕሮግራመር ሁሉ እንዲህ ነው» አለ። እኔም የተማሪ ዓይን አውቃለሁ ብዬ፣ «ልቡ እዚህ የለም፤ ጥሎን ሊሄድ ነው» ብዬ ተነበይኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል፤ እኛ ግን አጠገቡ ተቀምጠን ነበር የምናማው፣ እሱም ፈገግ ይልልናል።

ለካ ልጁ አይሰማም። ስምንተኛ ክፍል ሳለ ማጅራት ገትር ይዞት እሱ ተረፈ፤ ጆሮው ግን አልተረፈም። አፉን ከፈታ፣ ቋንቋውንም ካወቀ በኋላ ስለሆነ እንደማናችንም ያወራል። የሌላውን ንግግር ደግሞ ከንፈር እያየ ያነባል፤ በኦሮምኛም በአማርኛም። ከንፈር ካላየ ግን ምንም የለም። የእኔ ከንፈር ደግሞ ያለው ከሪዙ ሥር ነው።

ጠጄ ያወቀችው ከእኛ ሁሉ ቀድማ ነው። አንድ ቀን ከኋላው ስታልፍ፣ «ሳላሕዲን፣ ምሳ በላህ?» አለችው። ጥላዋን አይቶ ቀና አለና «እሺ» አላት። ማናችንም ብንሆን ስቀን እናልፍ ነበር። እሷ ግን ቆመች፤ ይህችን «እሺ» ከቤቷ ታውቃታለች።

አባቷ ጋሽ ነጋ ከጎባ ሮቤ ሚኒባስ የሚነዱ ሰው ነበሩ። ጆሯቸው ቀስ በቀስ ከዳቸው። ረዳቱ «ወራጅ አለ» ለማለት የመኪናውን ጎን ሲደበድብ መስማት አቆሙ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላሉም። አልሰማም ለሚል ሹፌር ማን መኪና ይሰጣል? ጠጄ ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና አጠገባቸው ትቀመጥና፣ ረዳቱ በመታ ቁጥር ክንዳቸውን ትነካ ነበር። ሰው አባቷን ስለምትወድ ነው የምትከተላቸው ይል ነበር። እሷ ግን ሥራ ላይ ነበረች። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ እሷ በሌለችበት አንድ ቀን ረዳቱ መታ፣ እሳቸው አልሰሙም፣ አንዲት ሴትዮ አንድ እግራቸው መሬት፣ አንዱ መኪናው ላይ ሳለ ሚኒባሱ ተነሳ። የሴትዮዋ ዳሌ ተሰበረ። ጋሽ ነጋ ቁልፉን ለባለንብረቱ መልሰው ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ በኋላም «አልሰማም» አላሉም። «ጋሽ ነጋ፣ እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «እሺ» ይላሉ። «ልጅዎ መጣች ወይ?» ቢባሉ «እሺ» ነው። ሰፈሩ ይስቃል፤ ጠጄ አትስቅም። ቤታቸው ሄጄ አይቻለሁ፤ አባቷ ለማያውቁት ጥያቄ «እሺ» ባሉ ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል።

ታዲያ ከሳላሕዲን ጋር ለሥራ ጎባ ሲሄዱ፣ ከሚኒባሱ እንደወረዱ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ምን ያህል ትሰማለህ?»

«ደህና እሰማለሁ።»

«ሳላሕዲን!»

«ምንም» አላት በመጨረሻ። «ወላሂ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም። አይሰማም ከተባለ ማን ያስቀረኛል?»

«ካንተ አፍ ካልወጣ ከኔ አይወጣም» አለችው።

ይህን የነገረኝ ራሱ ሳላሕዲን ነው፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ። ቃሏን ጠበቀች። የጠረጴዛው መዞር፣ የመስኮቱ ብርሃን፣ ሰሌዳው፣ የእኔም ሪዝ ነገር፣ ሁሉም የልጁን ምስጢር ሳያወጡ ልጁን ሥራው ላይ ለማቆየት ነበር። የቤት ዕቃ ሻጭ እያልን ስንስቅባት አንድ ቀን እንኳን «ምክንያት አለኝ» አላለችም።

አቶ ደጀኔ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲህ ያለ ሥራ አዲስ አበባ ሞልቶ ሳለ «ለአገሩ ሰው አገሩ ላይ ይሠራ» ብሎ ሮቤ ቢሮ የከፈተ ሰው ነው። ጉድለቱ ችኮላ ነው። መኪና እየነዳ ይደውልና ስልኩን ከበን በድምፅ ማጉያው እናዳምጠዋለን። ሳላሕዲን በስልክ አለመመለሱ እጅግ አናደደው። «ዝም የሚል ሰው ለቡድን ሥራ አይሆንም፤ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ አሰናብቺው» አላት። ጠጄ «ሥራውን ይዩለት እንጂ» ብትለው፣ «ሥራ ብቻውን ምን ያደርጋል? መግባባት ያስፈልጋል!» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ስልክ እየዘጋ «መግባባት» ይላል እንግዲህ፣ ደጀኔ!

የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ሲቃረብ ሲስተሙን ጎባ ላይ ለጤና ባለሙያዎች የምናሳይበት ቀን ደረሰ። ዋዜማው ላይ ጠጄ ለሥራ ደሎ መና ወርዳ ነበር፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ አልተመለሰችም። ደጀኔ ደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ከኋላው የመኪና ጡሩምባ ይጮኻል። «መልእክቱ... ከማለቁ በፊት... ለሁሉም... እንዳይ... ትርፍ ያለው... ገባችሁ?»

«እሺ!» አልን በአንድ አፍ። ሳላሕዲንም አፋችንን አይቶ «እሺ» አለ።

የእኛን አገር ሰው የሚያውቅ አይፈርድብንም። ታላቅ ሰው ሲናገር «ይድገሙልኝ» ማለት ድፍረት ነው። «አልገባኝም» ማለት ራስን ማዋረድ ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጓደኛን መጠየቅ ደግሞ «ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ማወጅ ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን ይሉኝታ ከተረት ይበልጣል። እያንዳንዳችን የሰማነውን ቁርጥራጭ ለየራሳችን ሰፍተን ወደ ሥራችን ሄድን። ሮሚም የተባለው ይህ ነው ብላ ለሳላሕዲን ፊት ለፊት ነገረችው፣ እሱም እንዳለችው አስተካከለው። ጠጄ ማታ ደውላ ስትጠይቀን «ሁሉም ተስተካክሏል፣ አታስቢ» አልናት።

በማግስቱ የጎባው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። እኔ መድረኩ ላይ ቆሜ፣ «ዛሬ መልእክት አይላክም፤ በቃል ብቻ ነው የማስረዳችሁ» እያልኩ ነበር። አፌን ሳልዘጋ በአዳራሹ ያለው ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። «የወሊድ መድኃኒት አልቋል» ይላል። ደግሞ ጮኸ፤ «የወባ መድኃኒት አልቋል»። የአንዱ ጤና ጣቢያ መልእክት ለሁሉም፣ የሁሉም ለአንዱ ይደርሳል። ከደሎ መና የመጣችው ፋርማሲስት ወንበሯን ገልብጣ መጋዘኗ ጋ ልትደውል ወጣች። አንድ ሽማግሌ ነርስ «ያ ረቢ!» እያሉ ስልካቸውን ያራግፋሉ። ፊሊጶስ ሲስተሙ ተጠለፈ ብሎ ገመዱን ሲነቅለው ስክሪኑም ጠፋ። ጠጄ ከደሎ መና የደረሰችው ሰዉ እየተበተነ ሳለ ነው።

ደጀኔ በነጋታው ሮቤ መጣ። ሁላችንንም መስኮቱ ሥር ሰበሰበን። «ፕሮግራሙን የጻፈው ማነው?» አለ። ዓይናችን ሁሉ ወደ ሳላሕዲን ሄደ። «አውቄዋለሁ። የማይናገር ሰው የሚያመጣው ይሄንን ነው። ሥራህ ዛሬ አበቃ» አለው። መስኮቱ ሥር ስለሆንን ሳላሕዲን አንዲት ቃል አላመለጠችውም። ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ጠጄ አየ። ምስጢሩን ብታወጣ ምናልባት ሰውየው ይራራ ይሆናል፤ ግን ቃል ገብታለች።

ተነሳች። «አቶ ደጀኔ፣ ከማሰናበትዎ በፊት አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ» አለች። ወደኛ ዞራ፣ ከንፈሯ በደንብ እንዲታይ ቀስ ብላ፣ «ዋዜማ ዕለት በስልክ የተባለውን እያንዳንዳችሁ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ጻፉ። እንዳትተያዩ። እጄን ሳወርድ እኩል ላኩ» አለችን።

እኔ ለፈተና እንደተቀመጠ ተማሪ አላበኝ። እጇን አወረደች። ደጀኔ ስልኩን አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበው።

የሮሚ፦ «ለሁሉም ይላክ፣ አንድም ሰው እንዳይቀር።»

የፊሊጶስ፦ «ለሁሉም እንዳይላክ፣ ትርፍ ኔትወርክ ያለው ቦታ ብቻ።»

የእኔ፦ «ሥልጠናው ከማለቁ በፊት መልእክት እንዳይላክ።»

ደጀኔ አንገቱን ይነቀንቃል። «እኔ ያልኩት ይሄ ነው እንዴ? መድኃኒቱ ሊያልቅበት ላለው ጤና ጣቢያና ትርፍ ላለው ለቅርቡ ጤና ጣቢያ ብቻ ይድረስ፣ ተደዋውለው እንዲረዳዱ፤ ለሁሉም እንዳይሆን ነው ያልኩት!» ግሩም ሐሳብ ነበር። አንዳችንም አልሰማነውም።

የመጨረሻው መልእክት ዘግይቶ ገባ። የሳላሕዲን ነው። «ምንም አልሰማሁም። ጆሮዬ አይሰማም። እሺ ያልኩት እናንተ እሺ ስላላችሁ ነው።»

አራት ሰዎች አልሰማንም፤ እውነቱን የጻፈው አንዱ ብቻ ነው።

«ስትቀጠር ለምን አልተናገርክም?» አለው ደጀኔ።

ሳላሕዲን ዓይኑን ከሰውየው ከንፈር ሳይነቅል፣ «ብናገር ይቀጥሩኝ ነበር?» አለው።

ደጀኔ «አልቀጥርህም ነበር» አለ። ላመስግነው እፈልጋለሁ፣ አልዋሸም። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዲህ... የሙከራ ጊዜው ይራዘምለትና እንየው» አለ።

እኔ ተመስገን ብዬ ነበር። ጠጄ ግን አልተቀመጠችም። «የእሱ የሚራዘም ከሆነ የሁላችንም ይራዘም» አለች። «ሁላችንም ነን ያልሰማነው። እኔም አጣርቼ መጠየቅ ሲገባኝ ተስተካክሏል ሲሉኝ እሺ ብያለሁ። የኔም ይራዘም።»

ይቺ ልጅ አበደች አልኩ በሆዴ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሙከራ ሠራተኛ ልሆን! ደጀኔ ወደ እሷ ዞሮ፣ «አንቺን ማነው የቀጠረሽ?» አላት። «እርስዎ ነዎት» አለችው። ሳቁ አመለጠው። ሳላሕዲንን «ምን እንድናደርግልህ ትፈልጋለህ?» ብሎ ጠየቀው። የፈለገው ይህን ነበር፤ ተራ በተራ እንድናወራ፣ ፊታችንን እንድናዞርለት፣ የተወሰነው ነገር እንዲጻፍ። «ይሄው ነው?» አለ ደጀኔ። ይሄው ነበር። ሳላሕዲን ቋሚ ሠራተኛ ሆነ። እኔ የዚያኑ ቀን ፀጉር አስተካካይ ቤት ሄድኩ።

በማግስቱ ሳላሕዲን አንድ ቀልዴን ከንፈሬ ላይ አንብቦ ሳቀና፣ «ጋሼ ሀይሉ፣ ለካ ቀልደኛ ነዎት» አለኝ። ያን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ ቀልዴን ሰምቶት አያውቅም ነበር። ስለዚህ በሪዜ መቆረጥ አላዝንም፤ ባለቤቴም ደስ ብሏታል።

አሁን ሰሌዳችን ላይ በትልቁ «ከእሺ በፊት የሰማኸውን ተናገር» ተብሎ ተጽፏል። ያልሰማ ጆሮውን ነክቶ ጣቱን በአየር ላይ ያዞራል፤ «ፊትህን አዙርልኝ» ማለት ነው። ሳላሕዲን ብቻ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ ከሁላችን አብዝቶ የሚያዞረው ፊሊጶስ ነው። ደጀኔ መኪናውን አቁሞ በቪዲዮ ይደውላል፣ ሲጨርስም «ምን አልኩ?» ይለናል። ሥልጠና ላይ ያየሁት ደግሞ ይበልጥ ገረመኝ። ድሮ በአማርኛ ሳስረዳ አዳራሹ ሁሉ አንገቱን ይነቀንቅልኝ ነበር፤ ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብዬ እመለሳለሁ። አሁን የሰማችሁትን ንገሩኝ ስል ከኋላ «ናፍ ሂን ገሌ» የሚል ይነሳል፣ አልገባኝም ማለቱ ነው። ያኔ ሳላሕዲን ተነስቶ በኦሮምኛ ያስረዳል። በስብሰባ ቃል የማይተነፍሰው ልጅ አሁን የሚያስቆመው የለም።

በሥራ ዘመኔ ብዙ አለቃ አይቻለሁ። ጠረጴዛ የሚደበድብ አይቻለሁ፣ በጥቅስ የሚያስተዳድር አይቻለሁ። ሰውን ሳያዋርድ ቦታ የሚያበጅለት ግን ያየሁት ጠጄን ብቻ ነው። ይህን በአፌ አልነገርኳትም፤ ታፍራለች። እዚህ ብጽፈው ይሻላል።

ባለፈው ሰሞን ጋሽ ነጋ ዓይናቸውን ሊታዩ ከጎባ መጥተው ቢሯችን ወጡ። ስብሰባ ላይ ስለነበርን መስኮቱ ሥር ወንበር ሰጠናቸው። ሳላሕዲን ጆሮውን ነክቶ ጣቱን ሲያዞር፣ ፊሊጶስ ዞሮ ሲደግምለት አዩ። ቀጥሎ ሮሚ ጣቷን አዞረች፤ እኔ ዞሬ ደገምኩላት። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተቆጣም። ሽማግሌው ከአንዳችን ወደ አንዳችን እያዩ ቆዩ።

ስብሰባው አለቀ። ጠጄ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ጃንጥላዋን እየፈለገች፣ ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው፣ «አባዬ፣ ምሳ በላህ?» አለች።

ድምፅዋ እንጂ ቃሉ አልደረሳቸውም፤ አፋቸው ተከፈተ። ሁላችንም የምትመጣውን ቃል እናውቃታለን። አልመጣችም። ጋሽ ነጋ እጃቸውን አንስተው ጆሯቸውን ነኩ፤ ጣታቸውንም በአየር ላይ ቀስ ብለው አዞሩ።

«ጠጄ» አሉ፣ የራሱን ድምፅ እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብለው። «አልሰማሁሽም። ፊትሽን አዙሪልኝ።»

ጃንጥላውን እንደያዘች ዞረች። ዓይኗ ሞልቷል። አጠገባቸው ተንበርክካ፣ ከንፈሯን እያሳየች፣ «ምሳ በላህ ወይ ነው ያልኩህ፣ አባዬ» አለቻቸው።

«አልበላሁም» አሏት። «ርቦኛል።»